«ቻልኩት» ማለት ነውር ነው እንዴ?

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ባለታክሲዎች ተራቸው እስኪደርስ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከእነርሱ መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ ለብዙ ዓመታት የተለየ ልማድ ነበራቸው። ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጡና በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እርሳቸውም ወደ መሪው።

ኃይሉ መርጊያ ይባላሉ። ሸዋ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አኮርዲዮንን በ14 ዓመታቸው በራሳቸው ጥረት የለመዱ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ የመቱ ሰው ናቸው። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያ ባንድ ሥራ ነው። በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ አንዱ እርሳቸው ናቸው። በ1985 እዚያው አሜሪካ ሆነው ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀረጹ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ካሴት ነው፤ ከካሴቱ ተነሥቼም ስለ እኛ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች።

«ዓለማዊ ሙዚቀኛ በእኛ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እሑድ በመድረካችን ላይ ይህ ካሴት ይጫወት እያልኩ አይደለም። የምናገረው ስለ ጣትና ስለ ጆሮ፣ አንድ ሰው አንድን ነገር ለመቻል ስለሚከፍለው ጊዜ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የሙዚቃ መሣሪያ ሙያ ጀማሪ ሆኖ የተጠቀሰው ዩባል የቃየን ዘር ነው፤ ዳዊት ግን በዚህ ምክንያት በገና ከመያዝ አልተቆጠበም። ክርክሩን በዚሁ ልተወውና ወደ ካሴቱ ልግባ።

ካሴቱ ላይ ድምፃዊ የለም። ከዜማዎቹ ብዙዎቹ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ «ሸሞንሟናዬ» አለበት፣ «አምባሰል» አለበት። መሣሪያዎቹም ጥቂት ናቸው፤ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የሪትም ማሽን። ሁሉንም የያዙት አንድ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ አኮርዲዮን ያረጀ መሣሪያ ነበር። ቀደም ሲል በየባንዱ ይታይ የነበረው ሁሉ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ቦታውን ለቋል። ኃይሉ መርጊያ ግን የልጅነት መሣሪያቸውን አንሥተው ከአዲሱ ሲንተሳይዘር ጎን አስቀመጡት።

አኮርዲዮን የሚተነፍስ መሣሪያ ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲነካ ግራ እጅ ወናፉን ይስባል፣ ይገፋል። ወናፉ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ድምፁ ሊቆረጥ ይችላል። ጀማሪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ የዜማው ሐረግ ሳያልቅ አየሩ ያልቅበታል። በዚህ ካሴት ላይ ግን ወናፉ የሚዞረው ዘማሪ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ላይ ነው። ድምፃዊ ሳይኖር የሚያዜም ሰው ያለ የሚመስለን ለዚህ ነው። ደግማችሁ ስታዳምጡ ሌላም ነገር ትሰማላችሁ። ቀኝ እጃቸው ረጅሙን ድምፅ ቀጥ አድርጎ አይተወውም፤ ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ ማሲንቆ መቺ በጣቱ እንደሚያደርገው። ማሲንቆ ላይ ጣት በጭራው ላይ ይንሸራተታል። ቁልፍ ባለው መሣሪያ ላይ ግን በአንድ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል መንሸራተቻ የለም። ያንን ስሜት ለማምጣት ጣት በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ በጣም ቀላል ሆኖ መነሣት አለበት። ይህን የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሞከራችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት።

የካሴቱ ርዕስ የሰውየውን ስምና መሣሪያቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ርዕሱ የባለሙያውን ስም ብቻ ይዞ ቢወጣ ማንም አይከለክላቸውም ነበር። እኔ የምሰማው ግን «ይኸው፣ ይህን መሣሪያ ተመልከቱት፣ ይህን ማድረግ ይችላል» የሚል ግብዣ ነው። ካሴቱ በዘመኑ ወደ አገር ቤት መጥቶ ተሸጠ፣ ከዚያም ተረሳ። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ዓለም ሰማው፤ ባለታክሲውም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ጋዜጦች ይህን «የተረሳው ሰው ተገኘ» እያሉ ጻፉት። ለእኔ ግን የታሪኩ ጉልበት መገኘታቸው ላይ አይደለም። በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ሲለማመዱ ማንም ያገኘኛል ብለው አልነበረምና።

አሁን ከደለስ ወደ ጉብሬ ልመልሳችሁ።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚሁ ጉብሬ በመሆኑ የእኛ የወጣቶች ኅብረት ሁለት ዓይነት ሰው አለው። አንዱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። ሌላው አራት አምስት ዓመት ተቀምጦ ተመርቆ የሚሄድ ነው። ኪቦርድ መቺው ከሆሳዕና ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ቤዝ የያዘው ከወላይታ ይመጣል፣ እርሱም ይሄዳል። ሲሄዱ ሻንጣቸውን ብቻ አይደለም የሚወስዱት፤ በጣታቸው ያጠራቀሙትን ሁሉ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቶች ከገበያ ሽያጫቸው ቆንጥረው ባዋጡት ገንዘብ የተገዛው ኪቦርድ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቆማል፤ እኛም በጭብጨባና በከበሮ እንዘምራለን። (ከበሮና ጭብጨባ ምንም አልጎደላቸውም። ይህን የምለው ከበሮን እንደ ድህነት የሚያዩ ወጣቶች ስለ በዙ ነው።) ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ያላችሁ ሁሉ የሰኔን ወር ታውቁታላችሁ።

በዚህ ምክንያት አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሙዚቀኞቻችንን ጠየቅኋቸው፦ «ብዙ ታግላችሁ በመጨረሻ የቻላችሁት፣ በመቻላችሁም የምትኮሩበት ነገር ምንድን ነው?»

ዝም አሉ። አንገት ተደፋ። «ኩራት» የሚለው ቃል በቤታችን በደግ አይነሣማ! በመጨረሻ ድራም የሚመታው ልጅ «ጌታ ይመስገን፣ እኔ ምንም አይደለሁም፣ ግን…» ብሎ ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የተናገሩት ሁሉ በዚያው ዐረፍተ ነገር ጀመሩ። ከ«ግን» በኋላ የመጣው ግን እጅግ የሚሰማ ነበር።

ድራም መቺው የቻለው ችክችካን በዝግታ መያዝ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ መዝሙሩ ሳይታወቅ ይፈጥናል፤ መቺውም አብሮ ይሮጣል፤ ሦስተኛው አዝማች ላይ ዘማሪው ቃላቱን መዋጥ ይጀምራል። ልጁ የጉባኤውን ጭብጨባ በስልኩ ቀርጾ ቤቱ ወስዶ በትራስ ላይ እየመታ፣ ጭብጨባው ሲሮጥ እርሱ ላለመሮጥ ተለማመደ። አንድ ዓመት ፈጀበት።

ቤዝ ጊታር የያዘው «ዝም ማለት ቻልኩ» አለ። ሳቅን። የመጀመሪያውን ስንኝ ሙሉ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ አዝማቹ ሲመጣ ይገባል። ስንት ጊዜ እጁ አልታዘዝ እንዳለው ሲነግረን ሳቃችን ቆመ።

ኪቦርድ መቺው «ትራንስፖዝ ሳልነካ መምታት» አለ። ኪቦርድ ለማትነኩ ላስረዳ። መቺው ጣቱን በሚያውቀው አንድ ቦታ ላይ ያኖራል፤ ዘማሪዋ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋ ስትጀምር ትራንስፖዝ የምትባለውን ቁልፍ ይጫናል፤ መሣሪያው ራሱ ከእርሷ ጋር ያስተካክለዋል። በአገራችን ስንቱ መቺ በአንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ እንደሚያገለግል የሚያውቅ ያውቀዋል። ነውር የለበትም፣ እሑድን ያሻግራል። ነገር ግን ፒያኖ ላይ ወይም አኮርዲዮን ላይ ብታስቀምጡት ያች ቁልፍ የለችም። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፆች አሉ። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። አራቱን ቅኝቶች ከ12ቱ ድምፆች ላይ ለመጀመር 48 የጣት አቀማመጥ ያስፈልጋል፤ የትዝታና የባቲ ሜጀርና ማይነር ለየብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ልጁ ከ48ቱ ሃያ ያህሉን ይዟል። እንዴት አድርጎ? በሳምንት አንድ መዝሙር ይመርጣል፤ ሰኞ በለመደው ቦታ ይጀምርና በየቀኑ በግማሽ ድምፅ ከፍ እያደረገ ይመታዋል። መብራት በሚጠፋበት ማታ ደግሞ ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ ጣቱን ያንቀሳቅሳል።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የከተማችን ልጅ፣ ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ በስልክ ላይ ያለውን መቃኛ ትቶ በጆሮው መቃኘቱን ተናገረ። ይህን ሲናገር ጀርባውን ቀና አደረገ። እግዚአብሔር ያንን ቀና ማለት የሚጠላ አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የወሰደው የአንዲት አልቶ ዘማሪ መልስ ነው። ሁለተኛ ድምፅ ስትይዝ በትዝታ መዝሙር ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይበላሽባት ነበር። ምክንያቱን ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በፈረንጅ ስምምነት ከዜማው ሁለት ደረጃ ከፍ ብለሽ ያዢ ሲሏት፣ ዶ ላይ ሚን ብትይዝ ደህና ነው፤ ሚ ላይ ሶልን ብትይዝ ደህና ነው፤ ላ ላይም ዶን ብትይዝ ደህና ነው። ሬ ላይ ስትደርስ ግን ፋ ይመጣል፤ ሶል ላይ ደግሞ ሲ። ፋና ሲ በትዝታ ውስጥ የሉም። መዝሙሩ ድንገት ከሐበሻነት ወጥቶ ሌላ አገር ይገባል። እርሷ ታዲያ ምን አደረገች? ሬ ላይ ሶልን፣ ሶል ላይ የላይኛውን ዶን መያዝ ጀመረች። ሁለት ቦታ ብቻ! ይህን ነግራን ስትጨርስ እዚያው አብረዋት የተቀመጡት ሦስት ልጆች ሞክረው ያዙት። ለእርሷ ሁለት ዓመት የፈጀው ለእነርሱ አሥር ደቂቃ ፈጀ።

እዚህ ላይ ነው ሂሴን የምጀምረው። የአምስቱን መልሶች የመዘንኩት በአንድ ሚዛን ነው። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ የሰማው ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? በዚህ ሚዛን «ጌታ ገለጠልኝ» የሚለው የተለመደ መልሳችን እጅግ ደካማ መልስ ነው። እውነት ነው፣ ጌታ ገልጦለት ይሆናል። ማን እንደ ሰጠው ነገረን፤ እንዴት እንደ ተቀበለው ግን አልነገረንም። ከኋላው ያለው ታናሽ ወንድም ሲሰማው የሚገባው ነገር ቢኖር «ለእርሱ ተሰጠው፣ ለእኔ አልተሰጠኝም» የሚለው ብቻ ነው። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ጊታሩን ወደ ግድግዳው መልሶ እንደ ሰቀለ ቢቆጠር ጥሩ ነበር። ትሕትና የሚመስል ነገር ሁሉ ትሕትና አይደለም፤ አንዳንዱ በር መዝጊያ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነው። በዘጸአት 35 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ለእጅ ሥራ ጥበብ እንደ ተሞላ ይነገርና ወዲያው እርሱና ኤልያብ ሌላውን የማስተማር ስጦታ እንደ ተሰጣቸው ይጨመራል። ጥበቡና ማስተማሩ በአንድ ትንፋሽ ነው የተጠቀሱት። በአንደኛ ዜና መዋዕል 15 ክናንያ በዜማ ላይ የተሾመበት ምክንያት አዋቂ መሆኑ እንደሆነ በቀጥታ ተጽፏል፤ ሥራውም ማስተማር ነበር። አዋቂ መባሉን ማንም በትዕቢት አልቆጠረበትም። ገላትያ 6 ላይ ጳውሎስ እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን እንዲመረምር ሲያዝ፣ ከሌላው ጋር ሳይተያይ በራሱ ሥራ የሚመካበት ነገር ሊኖረው እንደሚችል ይፈቅዳል። የከለከለው ማነጻጸሩን ነው። የክራሩ ልጅ ጀርባውን ቀና ያደረገው ከትናንት ራሱ ጋር ተያይቶ ነው፤ ከማንም ጋር አልተወዳደረም።

የተቃራኒውን በሽታም እንዳልደብቀው። አዲስ ነገር የቻለ ሙዚቀኛ ቅዳሜ ለጓደኞቹ ከማሳየት ይልቅ እሑድ በመድረክ ላይ ማፈንዳት ይቀለዋል። የንስሐ ጸሎት እየተጸለየ ጊታሩ ላይታች ይሮጣል። ወንድሜ፣ ሶሎህን ሰማን፤ ጸሎታችንን ግን አልሰማንም። ይህ ልጅና «ጌታ ገለጠልኝ» የሚለው ልጅ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ችሎታቸውን ለራሳቸው ይዘውታል። አንዱ ይደብቀዋል፣ ሌላው ያሳየዋል፤ የሚያካፍለው የለም። ማሳየትና ማካፈል ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

ማካፈል ምን እንደሚመስል ለማየት የሁለት ሰዎችን ታሪክ ላንሣ፤ ሁለቱም ከእኛ ቤት ውጭ ናቸው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ጀመሩ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ተጨማሪ ተማሩ፤ ወደ ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ተገኝቶ ሳለ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ከዚህ በኋላ ነው ሙዚቃውን ሁሉ ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም የገቡት። ፒያኖ በሌለበት ተራራ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች ዋለ። ፒያኗቸውን ስትሰሙ ቀኝ እጃቸው ከአገር ቤት ዜማ አይወጣም፤ ግራ እጃቸው ግን የአውሮፓን ትምህርት አልረሳም፤ ሁለቱም አይጣደፉም። ሰዓት ቆጣሪ ይዛችሁ ለመከተል ብትሞክሩ ታብዳላችሁ፤ እንደ ንግግር ነው የሚሄደው። የእርሳቸውን ድንቅነት በመንፈሳዊነታቸው ብቻ የሚያብራሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። በልጅነት የተጀመረ የብዙ ሰዓት ልምምድ ነው የምሰማው፤ መንፈሳዊነታቸው ልምምዱን ወዴት እንደሚያውሉት ነገራቸው። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲል በእጃቸው የጻፏቸው ኖታዎች ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጡ። በጣታቸው ላይ ብቻ የነበረው ነገር ለሌላ ሰው ጣት ተሰጠ ማለት ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ነበር።

ሁለተኛው ዓለሙ አጋ ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ እንጦጦ ላይ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና አዋቂ ከቤታቸው አጠገብ መጡ። የእንጦጦው ልጅ በገናን የያዙት ከእኚህ ጎረቤት ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ሲደረደር የሚሰሙት ግን አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ያ የሚንዘረዘረው ድምፁ የሚመጣው ደግሞ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገቡት እንዚራ ከሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። እንዚራው በፀጉር ያህል ከቦታው ከተንቀሳቀሰ በገናው ዲዳ ይሆናል። ይህን በመጽሐፍ አንብቦ መቻል አይቻልም፤ የሚችል ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እጁን አይቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ነው። ዓለሙ አጋ ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ዘመኑን አስቡት፤ መንፈሳዊ ዜማ ከሬድዮ የጠፋበት፣ የእኛም አባቶች መዝሙርን ከካሴት ወደ ካሴት በድብቅ የሚገለብጡበት ዘመን ነበር። ዛሬ ወጣቶች በገና ሲደረድሩ ስታዩ፣ የጎረቤት ልጅን አስቀምጠው ያስተማሩ አንድ አለቃ ከበስተጀርባ እንዳሉ አስታውሱ።

የቅዱስ ያሬድን ትል ሁላችሁም ታውቁታላችሁና እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ትውፊቱ የትሉን መውጣት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ ጭምር ይቆጥራል። የእኛ ምስክርነት ግን ውድቀቶቹን ቆርጦ ጥሎ መጨረሻውን ብቻ ያነባል። የኪቦርድ መቺው ሃያ ቅኝት መቻሉ ለታናሹ ብዙም አይጠቅመውም። ሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለቱ ግን ይጠቅመዋል።

ወደ ኃይሉ መርጊያ ካሴት ልመለስ፤ ስላመሰገንኩት ብቻ እንዳትተዉኝ። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የሪትም ማሽኑ። አኮርዲዮኑ እየተነፈሰ ማሽኑ አይተነፍስም። በአንዳንዶቹ ዜማዎች ላይ ወናፉ ትንሽ ሊቆይ ሲፈልግ ማሽኑ ጥሎት ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ሮጦ ይደርስበታል። ብዙ የውጭ ሰዎች ይህንን ነው የወደዱት፤ ያረጀና አዲስ ነገር መጋጨቱን። እኔ የምሰማው የብቸኝነት ድምፅ ነው። ከባንዱ የተለየ ሰው፣ በሰው አገር፣ ድራም የሚመታለት ወንድም አጥቶ ማሽን ሲያስነሣ። ችሎታው ሙሉ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ግን የለም።

ይህን የምለው በእኛም ቤት ኪቦርዱ ውስጥ በተጫነ ሪትም መዘምር ስለ በዛ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ድራሙም ቤዙም ይመጣል፤ ያን ጊዜ ድራም መቺውም ቤዝ መቺውም ለምን ይለማመዳሉ? በዓመቱ መጨረሻ ኪቦርድ መቺው ሲመረቅ ቁልፏ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው እንኳ አይቀርም። በአንደኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ ለእግዚአብሔር ዝማሬ የተማሩት አዋቂዎች ቁጥር 288 ነው። የአሳፍ፣ የኤማንና የኤዶታም ልጆች ናቸው። ተራቸውን ለመለየት ዕጣ ሲጣል ታናሹ ከታላቁ፣ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እኩል ነው የተጣለለት። 288 ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። እያንዳንዱ የሆነ ቅዳሜ ከሆነ ሰው አጠገብ ተቀምጧል።

በእኛ ቤት አሁን ልምምድ ሲያልቅ አሥር አሥር ደቂቃ ይያዛል፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው በመጨረሻ የቻለውን አንድ ነገር ብቻ ያመጣል፤ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት የክራሩ ልጅ ነበር። የኪቦርድ መቺው ይህ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ከታች ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ተመድበውለታል፤ ትራንስፖዟን ቁልፍ በፕላስተር ሸፍኗታል። ባለፈው እሑድ ዘማሪዋ መዝሙሩን ከለመዱት ቦታ በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋ ጀመረችው። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ነበር ኪቦርዱ ላይ። የመጀመሪያውን ስንኝ አልመታም፤ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አኑሮ ሳይጫን ይፈልግ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ገባ፤ አንድ ቦታ ሳተ፤ አዝማቹን ግን አገኘው።